ለአንድ እንስሳ አንድ ጠጠር

ዳማው ፈረስ ቁልቁለቱን ሲያይ ጆሮውን ወደ ኋላ አጠፈ። ጋሪ ነጂው የፍሬኑን እንጨት በሁለት እጁ ጨብጦ፣ እግሩን ከፊት ሳንቃው አስደግፎ ወደ ኋላ ተንጋለለ። ከጀርባው የብረት መቀነት የታጠቁ ዐሥር ሣጥኖች ተደርድረዋል። በየሣጥኑ ሁለት ሺህ ጥሬ ብር አለ፤ በየክዳኑም የግምጃ ቤቱ ቀይ የሰም ማኅተም አርፎበታል። መንገዱ ጠዋት ታጥቦ ገና ስላልደረቀ ድንጋዩ ያዳልጣል።

«ቀስ በል እንጂ ሰውዬ» አለ ከጎኑ የተቀመጠው የግምጃ ቤት ጸሐፊ። የቀለም ሣጥኑን ጭኑ ላይ አቅፎ ፊቱ አመድ መስሏል።

«እኔማ ቀስ ብያለሁ ጌታዬ። የሚገፋን ብሩ ነው።»

ከኋላ የሚከተሉት ስምንት ወታደሮች ሳቁ። የአጀቡ አለቃ ግን አልሳቀም። ከግምጃ ቤቱ ከወጡ ጀምሮ አንድ እጁን ከጋሪው ጀርባ ላይ አላነሳም፤ ቤተ ዘመዱ ሁሉ የተጫነ ይመስል ሣጥኖቹን ደጋግሞ ይቆጥራል።

ብሩ የሚሄደው ከምሥራቅ በር ውጭ፣ ከወንዙ ዳር ወዳለው ማቅለጫ ነበር። እዚያ ተቀርጾ ነው የወጣው፤ ዛሬ ደግሞ ተመልሶ ሊቀልጥ፣ ጡብ ሆኖ ከጨለማ ጓዳ ሊከተት ነው። በንጉሡ ትእዛዝ ሰማኒያ ሺህ ብር ከአገሩ ይነሣል። ይህ የመጀመሪያው ሃያ ሺህ ሲሆን፣ ለቀረው ጋሪ ነጂው ሦስት ጊዜ መመላለስ ይጠበቅበታል። በኪራዩ አልከፋም። የከፋው በሌላ ነገር ነው። ሦስት ወር ሙሉ ብር የሚባል በእጁ አልገባም። ኪሱ ውስጥ ያለው የቆዳ ቁራጭ ብቻ ነው፤ አንዱ የዱቄት ነጋዴው ማኅተም አለበት፣ አንዱ የከሰል ሻጩ። ዝርዝር ጠፍቶ ገበያው ሁሉ በቆዳ ቁራጭ እየተበዳደረ ነበር። ሃያ ሺህ ብር ጀርባ ላይ አዝሎ ለፈረሱ ገለባ በቆዳ መግዛት አንጀት ያቃጥላል።

«ጌታዬ፣ ካልከፋዎት አንድ ነገር ልጠይቅ። ይኼ ብር ምን አጠፋ?»

ጸሐፊው ክፉ ሰው አልነበረም። የሚያውቀውን ለሰው ካላካፈለ እንቅልፍ የማይወስደው ዓይነት ሰው ነው እንጂ። ቁልቁለቱ ሲለዝብ ቀና ብሎ ተቀመጠና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሟቹ ንጉሥ ጥበበኛ ነበሩ» አለ። «ገንዘብ ከሥራው ከበዛ ይረክሳል፣ ካነሰ ሥራው ይታነቃል ብለው ልክ አበጁለት። በአምስቱ የከተማው በሮች ለሚያልፈው ጭነት፣ ቆጣሪው በዓመት ለሚጥለው ለእያንዳንዱ ጠጠር አራት ብር። ያኔ በዓመት መቶ ሺህ ጠጠር ይጣል ነበር፣ አራት መቶ ሺህ ብር ተቀረጸ። ብሩ ዛሬም ያው አራት መቶ ሺህ ነው። ጠጠሩ ግን ዘንድሮ ሰማኒያ ሺህ ሆነ። ስለዚህ ለአንድ ጠጠር አምስት ብር ደረሰ ማለት ነው። ትርፉ ይቀልጣል። ስሌቱን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«አገሩ አነሰ ማለትዎ ነው?»

«ከአምስት እጅ አንድ እጅ።»

ጋሪ ነጂው ጥቂት አሰበ። «ታዲያ እኔ ከንጋት እስከ ምሽት የማመላልሰው የማንን አገር እህል ነው? ብሩስ ከበዛ የት ሄደ?»

«ሰው ደብቆታል። እናንተ ገበያተኞች ብር ስታገኙ መቅበር ነው።»

«እንግዲያው የኔን የት እንደቀበርኩት የሚያሳየኝ ሰው ባገኝ እግሩን እስማለሁ።»

ወታደሮቹ እንደገና ሳቁ። ጸሐፊው ጆሮው ቀላ። «አንተ የምታየው ጋሪህን ነው፤ እኛ የምናየው አገሩን ነው» አለና ፊቱን አዞረ።

በሩ ፊት ለፊት ታየ። ሁለት ወፋፍራም ግንቦች፣ በመካከላቸው ከብረት የተሠራ ትልቅ መዝጊያ፣ ከመዝጊያው በላይ ደግሞ መስኮታቸው አበባ የተደረደረበት ሦስት ክፍሎች አሉ። ያ የቆጣሪው ቤት ነው። ጋሪ ነጂውም ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር የሚኖረው እዚያው ነው፤ ምክንያቱም ቆጣሪው የሚስቱ አባት ናቸው።

ሽማግሌው በመተላለፊያው ጎን፣ ከድንጋይ በተሠራ መቀመጫቸው ላይ ወገባቸውን ቀጥ አድርገው ተቀምጠዋል። በግራቸው ከወንዝ የተለቀሙ እኩል እኩል ጠጠሮች የሞሉበት የእንጨት ሳህን፣ በቀኛቸው አፈ ጠባብ የመዳብ ማሰሮ አለ። ጭነት የጫነ እንስሳ በገባም በወጣም ቁጥር አንዲት ጠጠር ከሳህኑ ወደ ማሰሮው ትወድቃለች። ሥራው ይኸው ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሠርተውታል። ዝናብ ሲዘንብ፣ ንጉሥ ሲያልፍ፣ አጠገባቸው ሰው ሲደባደብ አንዲት ጠጠር ተዛንፋባቸው አታውቅም። ነጋዴው ሁሉ «አይሳሳቴ» ይላቸዋል። የሌሎቹን አራት በሮች ቆጣሪዎችም አንድ በአንድ አጠገባቸው አስቀምጠው ያስተማሩ እሳቸው ናቸው።

የሟቹ ንጉሥ ደብዳቤ ከቤቱ ግድግዳ ላይ በመስታወት ተሰቅሏል። ሠላሳ ዓመት ያለ ስህተት የቆጠረ ቆጣሪ፣ ቤቱ እሱና ሚስቱ እስኪሞቱ የእነሱ ይሆናል ይላል። አንድ ስህተት ከተጻፈበት ግን በሦስት ቀን ውስጥ ይለቃል። ሠላሳው ዓመት ሊሞላ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። የቆጣሪው ሚስት ይህን ቀን በጣታቸው እየቆጠሩ፣ ለሰሜኑ ክፍል መጋረጃ እየሰፉ ነበር። ጋሪ ነጂውም ቢሆን ሌላ ማደሪያ አልነበረውም።

በሩ ጋ ሲደርሱ ጋሪው መቆም ግድ ሆነበት፤ ከውጭ አምስት በቅሎዎች ስንዴ ጭነው ይገቡ ነበር። ሽማግሌው ቀና ሳይሉ አምስት ጊዜ ጣሉ። ኪል፣ ኪል፣ ኪል፣ ኪል፣ ኪል። ቀጥሎም የዳማው ፈረስ ተራ ደረሰ። ኪል።

ጋሪ ነጂው የጸሐፊው ንግግር አሁንም አልተዋጠለትም ነበርና ነገሩን በቀልድ ሊያወጣው ፈለገ።

«አባባ» አለ፣ «ይኼ ፍርድ ነው? ለነዚያ ለአምስቱ አምስት፣ ለኔ ዳማ አንድ? እነሱ አምስት ሆነው የተሸከሙትን እኮ እሱ ብቻውን ነው የሚጎትተው። አፍ ቢኖረው ይከስዎት ነበር።»

ወታደሮቹ ሊስቁ አፋቸውን ከፈቱ። ነገር ግን የሽማግሌው እጅ ከሳህኑ በላይ አየር ላይ እንደቆመ ቀረ። ዓይናቸው ከፈረሱ ኮቴ ተነሥቶ ወደ ጋሪው ሄደ፤ ከሣጥኖቹ ወደ ጎማው፣ ከጎማው ከኋላ ተሰልፈው ወደሚጠብቁት ሌሎች ጋሪዎች አለፈ። ከዚያም መልሰው ወደ ማሰሮው አዩ። ጋሪ ነጂው የፊታቸው መልክ ሲለወጥ አይቶ ምላሱን ነከሰ።

«እንደገና በለው» አሉ ሽማግሌው።

«ቀልዴን ነው አባባ።»

«ቀልድህን አይደለም የጠየቅኩህ። አንተ በቅሎዎችህን ሸጠህ ጋሪ የገዛኸው መቼ ነው?»

«ድልድዩ በተሠራ ዓመት። ዐሥራ አንድ ዓመቱ።»

«ስንት በቅሎ ነበረህ?»

«ሦስት። የሁለት ጎረቤቶቼን የአንድ አንድ በቅሎ ጭነት ጨምሬ ነው አሁን የምሠራው።»

«ለአምስት በቅሎ አምስት ስጥል ነበር። ከዚያ ወዲህ ለዚያው ጭነት አንድ» አሉ ሽማግሌው፣ ለራሳቸው ያህል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዐሥራ አንድ ዓመት ዓይኔ ኮቴ ላይ ነበር።» ወደ ጸሐፊው ዞሩ። «ልጄ፣ ይህ ብር ለምንድን ነው የሚቀልጠው?»

«ጠጠሩ ስላነሰ ነዋ» አለ ጸሐፊው ገና ምንም ሳይገባው። «እርስዎ ራስዎ የጣሉት ጠጠር።»

ሽማግሌው ተነሡ። ጋሪ ነጂው ሊያደርጉ ያሰቡትን አወቀ። በሩ ከበላዩ የነሐስ ደወል፣ ከደወሉ ሥር የተጠቀለለ ቀይ ጨርቅ አለው። ቆጠራ ሲያከራክር ቆጣሪው ደወሉን ይመታል፣ ጨርቁን ይሰቅላል። ያን ጊዜ በሩ ይዘጋና የግምጃ ቤቱ ሹም በአካል መጥተው ነገሩን እስኪያዩ ንጉሡም ቢሆኑ አያልፉም። ሽማግሌው በሃያ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን ነክተውት አያውቁም።

ጋሪ ነጂው ከጋሪው ዘሎ ወርዶ ክንዳቸውን ያዘ።

«አባባ፣ ስለ ልጆቹ ብለው ይተዉት። እርስዎ የታዘዙትን ነው ያደረጉት። ለአንድ እንስሳ አንድ ጠጠር ነው ሕጉ። ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ነው የቀረው፤ ከዚያ በኋላ ለሹሙ ሹክ ይሏቸዋል። እማማ ምን ይሉዎታል?»

«ከእማማ ጋር የምነጋገረው እኔ ነኝ» አሉ ሽማግሌው። «ክንዴን ልቀቅ።»

ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ጋሪ ነጂው ለቀቃቸው። ደወሉ ሦስት ጊዜ ተመታ፤ መዝጊያው እየተንቋቋ ወረደ፤ ቀዩ ጨርቅ ከግንቡ ላይ ተዘረጋ። ከውስጥም ከውጭም የተሰለፈው ሕዝብ አንድ ጊዜ ዝም አለና ወዲያው መንጫጫት ጀመረ። የአጀቡ አለቃ ሰይፉን መዝዞ ዙሪያውን አየ፤ የሚመታው ሰው ባለማግኘቱ መልሶ ከተተው።

የግምጃ ቤቱ ሹም አንድ ሰዓት ሳይሞላ ደረሱ። ከባድ ሰውነት፣ የታመመ ጉልበት፣ በግራና በቀኝ ሁለት ደጋፊዎች ያላቸው ሰው ናቸው። በአገሩ ከንጉሡ ቀጥሎ የሚፈራ ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው። ከሦስት ቃል በላይ ሲናገሩ የሰማ ዕድለኛ ነው ይባላል።

«የትኛው ነህ?» አሉ።

«እኔ ነኝ ክቡርነትዎ» አሉ ሽማግሌው ዝቅ ብለው እጅ ነሥተው።

«ምን ሆንክ?»

«ተሳስቼ ስቆጥር ኖሬያለሁ።»

ሹሙ ፊታቸውን አላጠቆሩም፤ አልሳቁምም። እንዲቀመጡ የድንጋዩን መቀመጫ ቢያሳዩአቸው እምቢ አሉ። «አሳየኝ» አሉ ብቻ።

ሽማግሌው ለማስረዳት አልሞከሩም። ስንዴ የጫኑትን በቅሎዎች ባለቤት ጠርተው ጭነቱን እንዲያወርድ ለመኑት። ሰውየው እያጉረመረመ አወረደ። ከዚያም ወታደሮቹ የብሩን ሣጥኖች ከጋሪው እያነሡ በበቅሎዎቹ ላይ ያጋግዙ ጀመር፤ በአንዱ በቅሎ በግራና በቀኝ አንድ አንድ ሣጥን። የአጀቡ አለቃ ከአንዱ በቅሎ ወደ ሌላው እየሮጠ ላብ በላብ ሆነ። ሦስተኛዋ በቅሎ ጭነቱ ሲያርፍባት እግሯን አርገፍግፋ ቆመች። አምስተኛዋ ላይ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሣጥኖች ሲጫኑ ጋሪው ባዶ ሆነ።

«ይህ ከአንድ ፈረስ ኋላ ሲሄድ አንድ ጠጠር ጣልኩ» አሉ ሽማግሌው ወደ ጋሪው እያመለከቱ። «አሁን እንደቆመ ቢያልፍ አምስት እጥል ነበር። ሟቹ ንጉሥ ሕጉን ሲያወጡ ድልድይ አልነበረም፣ ሰፊ መንገድ አልነበረም፣ ጋሪ የሚባል በዚህ በር አልፎ አያውቅም። እንስሳ መቁጠር ጭነት መቁጠር ነበር። ዛሬ አይደለም።»

ሹሙ በቅሎዎቹን ረጅም ጊዜ አዩ። አንዷን ቀርበው ሣጥኑን በመዳፋቸው ገፋ ገፋ አደረጉት፤ በሣጥን ውስጥ የታፈነው ብር አጉረመረመ።

«ጸሐፊ።»

«አቤት ክቡርነትዎ።»

«ከሰማኒያው ሺህ ጠጠር ስንቱ ጋሪ ነው?»

ጸሐፊው አፉን ከፍቶ ዘጋው። በመዝገቡ ላይ ጋሪ የሚል ቃል አልነበረም።

«በኔ በር ከሁለት አንዱ ጋሪ ነው» አሉ ሽማግሌው።

«የሌሎቹን በሮች አላውቅም» አሉ ሹሙ። «ሩቡን ብቻ ያዝ። አስላ።»

ጸሐፊው ባዶው ጋሪ ላይ ወረቀቱን ዘርግቶ ተንበረከከ። ሕዝቡ ምን እንደሚሰላ ባያውቅም ጸጥ ብሎ ጠበቀው። ብዕሩ ሁለት ጊዜ ተሰበረበት።

«ስድሳ ሺህ በእንስሳ ጀርባ» አለ በመጨረሻ። «ሃያ ሺህ ጋሪ፤ ጋሪው በአምስት ሲባዛ መቶ ሺህ። በድምሩ መቶ ስድሳ ሺህ ጭነት ነው። አራት መቶ ሺህ ብር ለዚያ ሲካፈል...» ድምሩን እንደገና በጣቱ ተከተለው።

«ሲካፈል?»

«ለአንድ ጭነት ሁለት ብር ተኩል።»

«ሕጉ?»

«አራት።»

«ለንጉሡ ያልነውስ?»

«አምስት ብለናል ክቡርነትዎ።» ጸሐፊው ሹሙን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። «የጎደለው ብር ነው። ሁለት መቶ አርባ ሺህ ብር ይጎድላል። እኛ ደግሞ ካለው ላይ ልንቀንስ ነበር።»

ጋሪ ነጂው ይህን ሲሰማ እጁ ሳያውቀው ኪሱ ገብቶ የቆዳ ቁራጮቹን ጨበጠ። ለካ ማንም ምንም አልቀበረም። አገሩ ሠርቶ ሠርቶ ነው ብር ያጠረው። ጎረቤቶቹ እርስ በርሳቸው ሌባ፣ ሆዳም፣ ቀባሪ ሲባባሉ ስንት ወር ከረሙ፤ ለካ የሚለዋወጡበት ነገር ነው ለሁሉ ያልዳረሰ። ሳቅም እንባም አንድ ላይ መጣበት።

«አገሩ አድጓል» አሉ ሹሙ ቀስ ብለው። «እኛ ልብሱን ልናሳጥርለት ነበር።»

ሹሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ደከማቸው፤ ከድንጋዩ መቀመጫ ላይ ተቀመጡ። ጸሐፊውን፣ ሽማግሌውንና ጋሪ ነጂውን ብቻ አስቀርተው ሌላውን ሰው በእጃቸው አራቁት። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ትእዛዙ በአደባባይ ተነቧል። ሲሻር ምክንያቱም በአደባባይ ይነበባል። የንጉሡ አባት ሕግ አርጅቷል ብዬ ልጽፍ አልችልም፤ አንገቴን ነው የሚወስደው። የተሳሳተ ሰው ያስፈልገኛል።» ሽማግሌውን ተመለከቱ። «ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ቀረህ አሉኝ። ጨርቁን ካወረድክ ጋሪው ያልፋል። ብሩ ይቀልጣል፤ አንድ ቀን ሌላ ሰው ይህንኑ ያገኘዋል፤ ያኔ እናስተካክላለን። እኔ ዛሬ እዚህ አልመጣሁም።»

ጋሪ ነጂው ቀና ብሎ ቤታቸውን አየ። እሺ በሉ ብሎ በሆዱ ለመነ፤ ወዲያው ደግሞ በለመነው አፈረ። እላይ መስኮቱ ላይ የልጁ ልብስ ተሰጥቶ ይታየው ነበር።

«ለንጉሡ የቀረበውን ስሌት የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ ጸሐፊው ሳይታሰብ። «በኔ ስም ይጻፍ። ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ።»

«አንተ የተሰጠህን ነው የደመርከው» አሉ ሽማግሌው፣ እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አድርገው። «ድምርህ ልክ ነበር። ጠጠሩን የጣለ የኔ እጅ ነው።» ከዚያም ለሹሙ መለሱ። «ክቡርነትዎ፣ በዐሥራ ዘጠኝ ቀን ውስጥ አራቱም ጋሪ ብር ቀልጦ ያልቃል። የቀለጠውን እስክንቀርጽ ገበያው አይጠብቀንም። ይጻፉ። የምሥራቅ በር ቆጣሪ ዐሥራ አንድ ዓመት በስህተት ቆጥሯል ይበሉ።»

«ሌሎቹ አራቱስ? እነሱም እንዳንተ ነው የቆጠሩት።»

«ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። እንዳስተማርኳቸው ሠሩ። የነሱ ስም አይነሣ።»

ሹሙ ብዕሩን ከጸሐፊው ተቀብለው ራሳቸው አራት መስመር ጻፉ። ወረቀቱን ወደ ሽማግሌው ሲያቀርቡ ከመቀመጫው ተነሥተው ነበር።

«እዚህ ላይ ይፈርሙ» አሉ። «ቤቱን ላተርፍልዎ አልችልም። ብችል ኖሮ አደርገው ነበር።»

ጋሪ ነጂው ቀና ብሎ አያቸው። የግምጃ ቤት ሹም የበር ቆጣሪን አንቱ ሲል በዚያ ከተማ ታይቶ አያውቅም። ሽማግሌው ግን የሰሙም አልመሰሉ፤ ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር አንብበው፣ አንድ ቁጥር ትክክል መሆኑን በጣታቸው አረጋግጠው ፈረሙ።

«አለቃ» ሲሉ ሹሙ ጮክ ብለው ተጣሩ። «ብሩ ወደ ግምጃ ቤት ይመለስ። ወደ ማቅለጫውም ሰው ላክ። ከሰላቸውን እንዳያጠፉ፤ ከድሮ ጀምሮ ጡብ ሆኖ የተቀመጠው ብር ከጓዳ ይወጣል፤ የሚቀረጽ ብዙ ነው በላቸው።» ከዚያም ደጋፊዎቻቸውን ወደ ጎን ብለው፣ በዚያ በታመመ ጉልበት፣ ወረቀቱን በደረታቸው ይዘው ወደ ንጉሡ ዳገቱን ብቻቸውን ተያያዙት። ቃላቸውን የቆጠረ ባይኖርም፣ ወታደሮቹ ለዓመታት ያን ቀን ሹሙ ስንት እንደተናገሩ ሲያወሩት ኖሩ።

ጨርቁ ወረደ፣ መዝጊያው ተነሣ። በሌላው ሰው ዘንድ ምንም የተለየ ነገር አልተደረገም። ነጋዴው በሩ በመዘጋቱ እየተሳደበ ገባ፤ ባለ በቅሎው ስንዴዬ መሬት ላይ ተበተነ ብሎ ካሳ ጠየቀ። ሽማግሌው የጠጠሩን ሳህን ለአንዱ ወታደር አስይዘው፣ ከመተላለፊያው ወጣ ብለው፣ ፀሐይ በሚመታው የግንቡ መሠረት ላይ ተቀመጡ። እጃቸው የሚሠራው አጥቶ ጉልበታቸው ላይ ተጋድሟል። ወታደሮቹ ሣጥኖቹን ጋሪው ላይ መልሰው ሲጭኑ ጋሪ ነጂው ሽማግሌው አጠገብ ቆመ። ዕድሜውን ሁሉ ይህን ሰው ይፈራቸው ነበር። መፍራትና ማክበር የተለያየ ነገር እንደሆነ ዛሬ ገና ገባው።

«እማማን እኔ ልንገራቸው?» አለ በመጨረሻ።

ሽማግሌው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ልነግራት ነበር። ጉልበቴ ደረጃውን እምቢ አለኝ።»

ደረጃው አርባ ሁለት ነው። ጋሪ ነጂውን እንደዚያ ቀን ከብዶት አያውቅም። አማቱ በሰሜኑ ክፍል መጋረጃውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ይሰፋሉ፤ ደወሉን ሰምተዋል፣ ከመስኮቱም ቀዩን ጨርቅ አይተዋል። ሲገባ መርፌውን አላቆሙም።

«ማነው የተሳሳተው?» አሉ።

«እማማ...»

«ማነው አልኩህ?»

«እሳቸው ናቸው።»

መርፌው ቆመ። «ማን አለ?»

«ራሳቸው። በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስንት ጋሪ እንደ አንድ በቅሎ እንደቆጠሩ ራሳቸው አሳዩ። ዝም ቢሉ ማንም አያውቅም ነበር። ሹሙም ዝም እንዲሉ መንገድ ሰጥተዋቸው ነበር። እምቢ አሉ። ቤቱ ሦስት ቀን ነው የቀረው።»

ጩኸት ይመጣል ብሎ ጠበቀ። ሴትዮዋ በአፋቸው ኃይለኛ ናቸው፤ ለዚህ ቤት ሲሉ ከስንት ሰው ጋር ተጣልተዋል፣ መስኮቱ ላይ ያሉትን አበቦች እንደ ልጅ ነው ያሳደጓቸው። እሳቸው ግን ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው መጋረጃውን አራት ላይ አጠፉት።

«ድምፁ ተንቀጠቀጠ?»

«አልተንቀጠቀጠም።»

«በሰው ፊት ነው ተሳስቻለሁ ያለው?»

«በሹሙ ፊት፣ በወታደሩ ፊት።»

«ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሬው ስኖር» አሉ አማቱ፣ «ለኔ አንድ ቀን ብሎኝ አያውቅም። በጨው አልተሳሳተም፣ በቀን አልተሳሳተም፣ ጫማው ሲጠፋው እንኳ ያስቀመጠበት ቦታ ልክ ነው፤ ጫማው ነው የተሳሳተው።» ሳቁ፤ ሳቁ መሀል ላይ እንባ ሆኖ ተቆረጠ። ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠርገው ከወንበሩ ተነሡና ሻሻቸውን አስተካከሉ።

«ወዴት ነው እማማ?»

«ታች። ዛሬ ሰው ሁሉ ያየውን ሰው እኔ ሳላየው ልቀር ነው?»

ጋሪ ነጂው ክንዳቸውን ይዞ ደረጃውን አወረዳቸው። ሽማግሌው ከግንቡ ሥር እንደተቀመጡ ናቸው፤ የሚያልፈው ሕዝብ ገሚሱ ያያቸዋል፣ ገሚሱ ሳያይ ያልፋል። ሚስታቸው ከፊታቸው ሲቆሙ ቀና ብለው ለማየት ጊዜ ወሰደባቸው።

«ቤቱ ሄደ» አሉ ሽማግሌው።

«ሰምቻለሁ። ፈቀቅ በልልኝ።»

ሽማግሌው ፈቀቅ አሉ። ሚስታቸው በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ በጠራራው ፀሐይ፣ ከጎናቸው ተቀመጡና ክንዳቸውን በባላቸው ክንድ ውስጥ አስገቡ።